በምን አወቅህ?

በ1975 ዓ.ም. በሰኮሩ ሳስተምር አንድ ተማሪዬ መስከረም ላይ በወባ ታሞ ከትምህርት ቀረ። ልጠይቀው ብሄድ፣ አባቱ ልጁን በጋቢ ጠቅልለው አስተኝተው፣ «እሸት በቆሎ በልቶ ነው የታመመው» አሉኝ። እኔም ገና ወጣት ነበርሁና፣ «ይህ ተረት ነው፤ ወባን የምታመጣው ትንኝ ናት» ብዬ ሳቅሁ። ሽማግሌው ሳይቆጡ፣ «አንተስ በምን አወቅህ?» አሉ። «መጽሐፍ ይላል» አልሁ። «እኔም አባቴ ነግሮኛል» አሉ። ልጁ ጤና ጣቢያ የደረሰው ከአራት ቀን በኋላ፣ በእናቱ ልቅሶ ነው። ቢድንም፣ በእኔ ትምህርት አልዳነም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የትንኝን ነገር እንደ ጸሎት በቃሌ ያዝሁት እንጂ፣ ማን እንዴት እንደ ደረሰበት ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ የአውሮፓ ሊቃውንትም ለብዙ ዘመን ወባን መጥፎ አየር ያመጣዋል ይሉ ነበር፤ «ማላሪያ» የሚለው የኢጣልያ ቃል ትርጉሙ ይኸው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ሮስ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም በሕንድ አገር የወባውን ተሐዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። በ1900 ደግሞ ሳምቦንና ሎው የተባሉ ሐኪሞች በሮም አጠገብ፣ ወባ በጠናበት ረግረግ፣ በርና መስኮቱ በወንፊት ሽቦ በተሸፈነ ቤት ኪኒን ሳይውጡ የወባውን ወራት ተቀመጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባሉ፤ መስኮቱ ክፍት ነውና የረግረጉን አየር ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳሉ፤ ትንኝ ግን አትገባም። ጎረቤቶቻቸው ታመሙ፤ እነርሱ አልታመሙም። ቢታመሙ ኖሮ አሳባቸው በዓለም ፊት ይወድቅ ነበር፤ ይህንንም አውቀው ነው የገቡበት። የእኔና የሽማግሌው ቃል ግን እንዲህ ባለ ፈተና አልገባም ነበር።

ይህን ታሪክ ስነግራቸው፣ «መስኮቱ ክፍት ነበር?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ቀጥለውም፣ «ታዲያ ወባ ለምን በእሸት ጊዜ ትመጣለች?» አሉ። ክረምቱ ሲወጣ ውኃ ይቋጥራል፣ ትንኝም ይፈለፈላል፣ በቆሎውም ያኔ ይደርሳል ብዬ መለስሁ፤ ነገሩንም የጨረስሁት መሰለኝ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ግን በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች፣ የትንኝ እጮች ውኃ ላይ የሚወድቀውን የበቆሎ አበባ ብናኝ እየበሉ እንደሚፋፉ አሳዩ፤ በቡሬ አካባቢም በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ስፍራ ወባው የበረታ ሆኖ ተገኘ። እሸት መብላት ወባ አያመጣም። ሽማግሌው ግን የበቆሎውን ማሳ የጠረጠሩት በከንቱ አልነበረም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ልነግራቸው ተነሣሁ፤ እርሳቸው ግን ካረፉ ቆይተው ነበር።