ባሕር የሚከበው የሚካኤል ተራራ እና አኔት

እህቶቼ፣ ባለፈው ሐምሌ አሠሪዎቼ ለዕረፍት ፈረንሳይ ሲሄዱ ልጆቹን እንድይዝ እኔንም ወስደውኝ ነበር። ስመለስ ሁላችሁም የጠየቃችሁኝ ስለ ፓሪስ ነው። ፓሪስን እኔ ያየሁት በመኪና መስኮት ነው። ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለ ሌላ ቦታ ነው፤ ሞን ሳን ሚሼል ይባላል። በእኛ ቋንቋ የሚካኤል ተራራ ማለት ነው።

ቦታው ኖርማንዲ በሚባለው አገር፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ከአሸዋው መሐል አንድ ትልቅ ድንጋይ ብቻውን ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ገዳም አለ። ባሕሩ ሸሽቶ ይሄድና እንደገና ይመለሳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሞላበትና በጎደለበት መካከል ያለው ልዩነት እስከ 14 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ አራት ፎቅ ቤት አስቡ። ያኔ ተራራው ዙሪያውን በውሃ ይከበባል። ድሮ ተሳላሚዎች በአሸዋው ላይ በእግር ነበር የሚሻገሩት፤ ውሃው የቀደማቸው፣ ረግረጉ አሸዋ የዋጣቸውም አሉ። ዛሬ በ2014 የተከፈተ ድልድይ አለ። (ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ታሪኩን ታላቋ ልጅ ከፈረንሳይኛው መጽሔት በዓረብኛ እያነበበች ነገረችኝ፤ የቀረውን በኋላ በስልኬ ፈልጌ አገኘሁ። በ708 ኦቤር የሚባል ጳጳስ ነበር ይላሉ። ቅዱስ ሚካኤል በሕልሙ መጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሥራልኝ አለው። ጳጳሱ አላመነም። ሁለተኛም መጣ፣ አሁንም ዝም። በሦስተኛው ጊዜ መልአኩ ጭንቅላቱን በጣቱ ወጋው። የተበሳው የራስ ቅል ነው የሚሉት አጠገቡ ባለችው ከተማ፣ በአቭራንሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። እኔ በወር በ12 ሚካኤልን እየዘከረች ያሳደገችኝ እናት ስላለችኝ ታሪኩ እንግዳ አልሆነብኝም። ጳጳስ ሆኖ ሦስቴ መነገሩ ነው የገረመኝ።

መነኮሳቱ በ966 ገቡ። እንግሊዞች በመቶ ዓመቱ ጦርነት ደጋግመው ቢከቡትም ሊይዙት አልቻሉም።

ትንሹን ልጅ ታቅፌ ያን ሁሉ ደረጃ ወጣሁት፣ ወገቤን ጠይቁት! ከ1211 እስከ 1228 የተሠራው ሕንፃ ሦስት ደርብ አለው። ከታች ለድሆች ምጽዋት የሚሰጥበት ክፍል፣ መሐል ላይ ነገሥታትና መኳንንት የሚስተናገዱበት አዳራሽ፣ ከላይ የመነኮሳቱ ምግብ ቤት። ማን የት እንደሚበላ በድንጋይ ለይተው ሠርተውታል። እኛ በየሰው ቤት እየሠራን ይህን ለማወቅ መጽሔት አያስፈልገንም።

ከአብዮታቸው በኋላ ደግሞ ገዳሙ እስር ቤት ሆነ፤ እስከ 1863። ከዚያ ዘመን የቀረ ከሰው ቁመት በጣም የሚበልጥ የእንጨት መንኮራኩር አለ። እስረኞቹ ውስጡ ገብተው ይራመዳሉ፣ መንኮራኩሩ ይዞራል፣ ገመዱ ዕቃውን በግድግዳው ላይ ይስባል። ቀኑን ሙሉ ተራምደህ እዚያው ነህ። ልጅቷ «እንደ አይጥ መጫወቻ!» ብላ ሳቀች። ለእኔ በአውድማ ላይ የሚዞር በሬ ነው የታየኝ።

አሁን ወደ አኔት ልምጣ። መንደሩ መግቢያ ላይ ላ ሜር ፑላር የሚባል ምግብ ቤት አለ። እንቁላል በመዳብ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሲመቱት እንደ ከበሮ ምት አለው፤ ከዚያ እጀታው በረዘመ መጥበሻ እሳት ላይ ይጠብሱታል። አሠሪዎቼ ውስጥ ገብተው ሲበሉ እኔ ከትንሹ ጋር ደጅ ቆሜ አየሁ። ልጅቷ ወጥታ «ይህን ያቋቋመችው ሴት እኮ እንዳንቺ ሠራተኛ ነበረች» አለችኝ። ክፉ አስባ አይደለም፣ ልጅ ናት።

እውነትም አኔት በ1851 ኔቬር በምትባል ከተማ ተወለደች፤ ገዳሙን እንዲያድስ የተላከው የአርክቴክት ኮርዋየ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ወደ ተራራው የመጣችው ጌታዋን ተከትላ ነው፤ ልክ እንደ እኔ ሻንጣና ልጅ ይዛ ባይሆንም። እዚያው የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ ቪክቶር ፑላርን በ1873 አገባች፤ በ1888 የራሳቸውን ማረፊያ ቤት ከፈቱ። እንግዳ የሚመጣው ባሕሩ ሲፈቅድ ስለሆነ ሰዓት የለውም፤ ሲደርስም ርቦት ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚደርስ ነገር፣ እንቁላል። ቤቱ ዛሬም በስሟ ይጠራል።

«አኔት ቀርታለች፣ አንቺስ ለምን አልቀረሽም?» የምትሉኝ አላችሁ፤ አውቃለሁ። አኔት በገዛ አገሯ ነበረች፤ ቪዛ የሚጠይቃት የለም። የእኔ ፓስፖርት በማዳሜ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ከመሄዳችን በፊት ትንሹ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ሳለ ወደ መንደሩ መቃብር ብቻዬን ወጣሁ። አኔት በ1931 ነው ያረፈችው፣ ከባሏ ጋር ተቀብራለች። እነሱ እንግዶቻቸውን እንደተቀበሉ ጌታም እንዲቀበላቸው የሚለምን ጽሑፍ ድንጋዩ ላይ አለ። ስሟን በጣቴ ተከትዬ አነበብኩት። ከታች ባሕሩ መመለስ ጀምሮ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። ማዳሜ ነበረች፤ የልጁን ጡጦ የት እንዳስቀመጥኩ ጠየቀችኝ።