ወፍ ዘራሽ ደን

በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት አረንጓዴ ያያል። አንዱ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሥሩ በተላጠ ልጥና በደረቀ ቅጠል የተሸፈነ። ሌላውን ጎንበስ ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል። የወደቀ ግንድ ወይም የአጋም ቁጥቋጦ በከለለው ቦታ ከጉልበት የማያልፍ የጽድ ችግኝ ይገኛል። ቅጠሉ ገና እንደ መርፌ የሾለ ነው። የትልቁ ጽድ ቅጠል ግን ከቅርንጫፉ ጋር የተጣበቀ ቅርፊት ስለሚመስል ልጅና እናትን ማዛመድ የለመደ ዓይን ይጠይቃል። ይህን ችግኝ የተከለው ሰው የለም። ወፍ የጽዱን ፍሬ በልታ ዘሩን እዚያ ጣለችው።

ገበሬው እንዲህ የበቀለውን «ወፍ ዘራሽ» ይለዋል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በየአምስት ዓመቱ በሚያወጣው የደን ሀብት ግምገማ ላይ ደግሞ እንዲህ ያሉ ዛፎች የሚበዙበት ደን የራሱ ምድብ አለው። በአማርኛ «በተፈጥሮ የሚተካ ደን» ብንለው ይስማማል፤ አብዛኞቹ ዛፎቹ ሰው ሳይተክላቸውና ሳይዘራቸው የበቀሉ ደን ማለት ነው። ከእሱ ትይዩ የሚቆመው ምድብ «የተተከለ ደን» ነው።

የለመድነው «የተፈጥሮ ደን» ለዚህ አይበቃም፤ ሰው ያልነካውን ድንግል ጫካ ብቻ ያስታውሳል። በተፈጥሮ የሚተካ ደን ውስጥ ግን እንጨት ሊቆረጥበት፣ ከብት ሊሰማራበት ይችላል። ድንግል ደን የዚህ ምድብ አንድ ክፍል እንጂ ሙሉው አይደለም። «ወፍ ዘራሽ»ም ቢሆን ሁሉን አይጠቀልልም፤ ለምሳሌ የኮሶን ዘር የሚበትነው ነፋስ ነው። ስለዚህ ለመዝገብ «በተፈጥሮ የሚተካ»፣ ለጨዋታ «ወፍ ዘራሽ» ቢባል ሁለቱም ቦታቸውን ያገኛሉ።

ስሙን ከያዝን በኋላ ፈታኙ ጥያቄ የሚነሳው እዚያው እንጦጦ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዳግመኛ የሚተክለው ሳይኖር ይኸው ስንት ትውልድ ተቆረጠ፣ ስንት ትውልድ በቀለ። ታዲያ በተፈጥሮ የሚተካ ሊባል ነው? አይባልም። የፋኦ ደንብ የሚጠይቀው ጉቶው መጀመሪያ እንዴት እንደበቀለ ነው። አገሩ አውስትራሊያ የሆነውን ይህን ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በመዲናዋ ዙሪያ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ሲመናመን፣ ሰው አምጥቶ ተከለው። ስለዚህ ቡቃያው ሁሉ የተተከለ ደን ነው። በወላይታ ሁምቦ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከግጦሽና ከምንጣሮ ተከልሎ፣ ከመሬት በታች ሕይወት የቀራቸው የአገር በቀል ዛፎች ጉቶና ሥር እንዲያቆጠቁጡ ተደረገ፤ ነዋሪዎቹ ቡቃያውን እየመለመሉ አሳደጉት። ሁለቱም ከጉቶ የበቀሉ ናቸው፤ በመዝገብ ላይ ግን ለየቅል ናቸው።

በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል የሚሠራው ሥራም በዚህ ዓይን ሲታይ ትኩረት ይስባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል ከ700 ሄክታር በላይ ይዞታ ላይ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፎች ለመተካት ይጥራል። በእጅ የተተከለ ጽድና ወይራ አገር በቀል ቢሆንም የሚመዘገበው በተተከለ ደን ነው። ምድቡ የሚለወጠው የእነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች በራሳቸው በቅለው ሲበዙ ነው። ይህ ከንቱ ተስፋ አይደለም። የመናገሻ ሱባ የጽድ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ዛሬ እዚያ የሚሄድ ሰው የተተከለ ነው ብሎ አያስብም። በዚያው ደን ክልል ከባዕድ ዛፎች ተክል ሥር የአገር በቀል ዛፎች ችግኝ በብዛት እንደሚበቅል ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

ምድቡ መለየቱ ቁጥር ላይ ሲደርስ ብዙ ይገልጣል። በ2020ው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ግምገማ መሠረት ከዓለም 4.06 ቢሊዮን ሄክታር ደን 93 ከመቶው በተፈጥሮ የሚተካ ነው። ከ1990 ወዲህ ግን ይህ ደን በ300 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ሲቀንስ የተተከለው በ123 ሚሊዮን ጨምሯል። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው በተፈጥሮ ከሚተካው ደን የጠፋው ከእውነቱ ያነሰ ይመስለዋል።

የእኛም አገር ስሌት እንዲሁ ተነጣጥሎ መታየት አለበት። ኢትዮጵያ ባቀረበችው መረጃ የደኗ ስፋት በ1990 ወደ 19.3 ሚሊዮን ሄክታር ነበር፤ በ2020 ወደ 17.1 ሚሊዮን ወርዷል። ከ2000 እስከ 2013 በየዓመቱ 92,000 ሄክታር ገደማ ሲመነጠር 19,000 ገደማ አዲስ ደን ሆኗል፤ የተጣራው ኪሳራ 73,000 ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ «የተጣራ» የሚባለው ቁጥር ነው። የጠፋው የዝግባና የጥቁር እንጨት ጫካ ሆኖ የተገኘው ባሕር ዛፍ ከሆነ ሁለቱ አይቀናነሱም።

ሌላም መጠንቀቂያ አለ። በ2015 አገሪቱ የደን መለኪያዋን ቀይራ ቢያንስ 0.5 ሄክታር የሚሸፍን፣ 2 ሜትር የሚረዝምና 20 ከመቶ ጥላ ያለውን ደን ብላ ተቀበለች። ፋኦ የሚጠይቀው ቁመት 5 ሜትር፣ ጥላውም 10 ከመቶ ነው። በአዲሱ መለኪያ የቆላው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦማ ጫካ ስለገባ የደን ሽፋኑ 15.5 ከመቶ ሆነ። ከዚያ በፊት ከሚጠቀሰው አነስተኛ ቁጥር ጋር አነጻጽሮ «ደናችን አደገ» ማለት ስህተት ነው፤ ያደገው ደኑ ሳይሆን መለኪያው ያቀፈው መሬት ነው።

እንጦጦ ላይ በተፈጥሮ የሚተካ ደን እንዲሰፋ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ጽድ ወንዴና ሴቴው በአብዛኛው ለየብቻ ስለሚበቅል ሁለቱም መኖር አለባቸው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ያሉት የቆዩ ጽዶች ዘር ይሰጣሉ፤ ወፎቹም አሉ። የሚጎድለው ችግኙ የሚያርፍበት መሬት ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ጠርገው በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች መሬቱን ያራቁቱታል፤ የሚያደርጉት ግን ለዕለት ጉርስ ነው። እነሱ ሌላ ገቢ፣ ከተማዋም ሌላ ማገዶ እስካላገኙ ድረስ ዳገቱን በዘበኛ ማስጠበቅ ብቻውን ወፍ ዘራሹን ችግኝ አያሳድገውም።