የበዓሉ ግርማ መዝገብ የት ነው?

ስለ በዓሉ ግርማ ሊያጠና ከሰቆጣ ተነሥቶ ስድስት ኪሎ የሚገባ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት መጀመሪያ የሚጠይቀው በደራሲው ስም የተከፈተ ፋይል ነው፤ የእጅ ጽሑፍ፣ ደብዳቤ፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ረቂቅ። እኔ ግን ፍለጋው ከጋዜጣና ከመጽሔት ጥራዞች ቢጀምር እመርጣለሁ።

በዓሉ ከልብ ወለዱ ባልተናነሰ የጋዜጣ ሰው ነበር። በአሜሪካ ሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት አጥንቷል፤ «መነን»ን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «አዲስ ዘመን»ንና «ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን በዋና አዘጋጅነት መርቷል። በደርግ ዘመን ደግሞ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነ። የመንግሥትን ድምፅ የሚያሰናዳውና ልብ ወለዱን የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፤ ይህን ጥምረት የረሳ ሂስ ብዙ ያመልጠዋል።

«ኦሮማይ» የተሰኘው ልብ ወለዱ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይከርራል። በዓሉ በ1974ቱ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ አሥመራ ነበር፤ የልብ ወለዱ ተራኪ ፀጋዬ ኃይለ ማርያምም ለዚሁ ዘመቻ የተላከ ጋዜጠኛ ነው። ስለዚህ መጽሐፉንና የዘመቻውን ወራት ጋዜጦች ጎን ለጎን ዘርግቶ ማንበብ ያዋጣል፦ የትኛው መፈክር ሳይነካ ወደ ልብ ወለዱ ገባ? የትኛውስ በገጸ ባሕርያቱ አፍ መሣለቂያ ሆነ? መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 የገባበት ጠፋ። ከመጀመሪያው ኅትመት የተረፈ ቅጂ ያገኘ አጥኚ፣ ቢቻል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ያለውንም ጨምሮ፣ ከታሪኩ በፊት ማኅተሙንና የገቢ ቀኑን ይይ።

ከሰቆጣ፣ ማለትም ከዋግ የመጣው አጥኚ የ1976ንና የ1977ን የጋዜጣ ጥራዞች ሲገልጥ ሌላም የሚፈልገው ይኖረዋል። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረውን ዋግን ረሀብ እየጠበሰው፣ መንግሥት በአንጻሩ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓልና ለኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ይሰናዳ ነበር። ከኮረም የተላከው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን ያነጋገረው ከአብዮቱ በዓል በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ነው። ከየካቲት እስከ ጥቅምት ያሉትን እትሞች ቀን በቀን የሚከታተል ሰው ለድርቁ፣ ለድግሱና ለደራሲው የተሰጠውን ቦታ በዓምድ ቢለካ፣ ስለ ሳንሱር አሠራር ከብዙ ትዝታ የተሻለ ማስረጃ ይዞ ይመለሳል።