ሹንደ፦ የካንቶን ወጥ ቤት መገኛ

በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር በፎሻን ከተማ ሥር የምትተዳደረው የሹንደ ወረዳ 806 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የቆዳ ስፋትና ከ3 ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎች ያሏት ስትሆን፣ የካንቶን የምግብ አሠራር መፍለቂያ በመሆን በመላ ቻይና ትታወቃለች። በአካባቢው ከጥንት ጀምሮ የሚነገር አባባል ምግብን ጓንግዡ ላይ መብላት፣ ወጥ ሠሪውን ግን «ከፎኒክስ ከተማ» ማምጣት እንደሚገባ ይመክራል። ፎኒክስ ከተማ የወረዳዋ መቀመጫ የሆነችው የዳሊያንግ ቅጽል ስም ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ በ2014 ሹንደን በፈጠራ ከተሞች መረብ ውስጥ የምግብ ጥበብ ከተማ አድርጎ መዝግቧታል። በቻይና ይህን ስያሜ ቀድማ ያገኘችው በ2010 የተመዘገበችው ቼንግዱ ብቻ ነበረች።

ሹንደ በአስተዳደር ራሷን ችላ የቆመችው እ.ኤ.አ በ1452 በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። ከሦስት ዓመታት በፊት በሁዋንግ ሺያኦያንግ መሪነት የተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ ከተደመሰሰ በኋላ መንግሥት አካባቢውን በቅርብ ለመቆጣጠር ሲል ከአጎራባች ግዛት ከፍሎ አዲስ አውራጃ አቋቋመ። ስሟ «መታዘዝ» እና «በጎ ምግባር» የሚሉ ሁለት ቃላትን የያዘ ነው። ዐመፅ ለተነሣበት ምድር የተሰጠ ስም እንደመሆኑ የሰጪዎቹን ምኞት ለመገመት አያዳግትም። እስከ 2002 መጨረሻ ድረስ ራሷን የቻለች ከተማ ሆና ከቆየች በኋላ የፎሻን ወረዳ እንድትሆን ተወስኗል። በመንግሥት ሥራ ላይ ለተሰማራ አንባቢ የሚስበው ግን በ2009 የተካሄደው የአደረጃጀት ለውጥ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ዓመት የወረዳዋ 41 የፓርቲና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዋሕደው ወደ 16 ዝቅ እንዲሉ የተደረገ ሲሆን፣ ለውጡ በመላ አገሪቱ ብዙ ሲያነጋግር ቆይቷል።

የሹንደን ምግብ ለመረዳት ከወጥ ቤቱ ይልቅ ከኩሬው መጀመር ይገባል። ወረዳዋ የምትገኘው በፐርል ወንዝ ደልታ ላይ በመሆኑ መሬቷ ዝቅተኛና በየጊዜው በጎርፍ የሚጠቃ ነበር። ገበሬዎቹ ረግረጉን እየቆፈሩ ኩሬ አበጁ፤ በቁፋሮ የወጣውንም አፈር በኩሬው ዳርቻ ከምረው ሙልበሪ የተባለውን ዛፍ ተከሉበት። የዛፉ ቅጠል ለሐር ትል ቀለብ ይሆናል፤ የትሉ ኩስ ወደ ኩሬው ተጥሎ ዓሣውን ይመግባል፤ ከኩሬው ሥር በየወቅቱ የሚዛቀው ጭቃ ደግሞ ተመልሶ ለዛፉ ማዳበሪያ ይሆናል። በዚህ ዑደት የሚባክን ነገር አልነበረም ለማለት ይቻላል። ሹንደዎች ዓሣን በቅርብ የሚያውቁት፣ ከአንድ ዓሣም ቆዳውን፣ ጭንቅላቱን፣ አንጀቱንና አጥንቱን ለየብቻው ለማዕድ የሚያቀርቡት ከዚህ ኑሮ የተነሣ ነው።

ሐሩ ለወረዳዋ ብዙ ገንዘብ አምጥቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንፋሎት ኃይል የሚሠሩ የሐር መፍተያ ፋብሪካዎች በደልታው ሲስፋፉ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች የደመወዝ ሠራተኞች ሆኑ። ከእነዚህም አያሌዎቹ ላለማግባት ቃል ይገቡ ነበር። አንዲት ልጃገረድ ያገባች ሴት እንደምታደርገው ጸጉሯን ወደ ላይ አድርጋ በራሷ እጅ ጠቅልላ ስታስር ሥርዓቱ ተፈጸመ ይባላል፤ በዚህም ምክንያት «ራሳቸውን ያበጠሩ ሴቶች» የሚል ስም ወጣላቸው። በ1930ዎቹ የዓለም የሐር ገበያ ሲወድቅ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፤ ሴቶቹም ወደ ሆንግ ኮንግና ሲንጋፖር ተሰደው በሰው ቤት ወጥ ሠሪና ሞግዚት ሆነው ማገልገል ጀመሩ። የሹንደ የምግብ ሙያ ባሕር ተሻግሮ ከታወቀባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የእነርሱ ጉልበት ነው። በጁንአን በሚገኘው ሻቶው መንደር በውጭ የሠሩ ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው በ1950 ገደማ ያሠሩት የጡረታ ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚ ክፍት ነው። ቤቱ አነስተኛ ቢሆንም ሹንደን የሚጎበኝ ሰው ሳያየው ባያልፍ ይመረጣል፤ የወረዳዋን ስም ያስጠሩ እጆች የእነማን እንደነበሩ የሚያሳይ ቦታ ነውና።

ከምግቦቹ ሁሉ ስሙ የገነነው «ባለ ሁለት ስልባቦት ወተት» የሚባለው ጣፋጭ ሲሆን የሚዘጋጀው ስቡ ከበዛ የጎሽ ወተት ነው። ወተቱ ተፈልቶ በጎድጓዳ ሣህን ይቀመጥና ስልባቦት ሲይዝ ጠርዙ በጥንቃቄ ተበስቶ ወተቱ ከሥሩ ይንቆረቆራል። ወተቱ ከእንቁላል ነጭና ከስኳር ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ስልባቦቱ ሳይቀደድ ወደ ሣህኑ ይመለሳል። በመጨረሻም በእንፋሎት ሲበስል ከመጀመሪያው ስልባቦት ሥር ሁለተኛ ይሠራል። በዳሊያንግ የሚገኘው ሚንሺን የተባለው ነባር ቤት በዚህ ሙያ የታወቀ ነው። የጎሽ ወተት ከእንቁላል ነጭ ጋር በብረት ምጣድ እየተማሰለ እንደ ደመና እስኪረጋ ድረስ የሚጠበስበት አሠራርም አለ፤ ይህኛው ጨው እንጂ ስኳር አይነካውም።

ኢትዮጵያዊ ተጓዥ በሉንጂያኦ የሚዘጋጀውን ነጭ የሩዝ ኬክ ሲቆርጥ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የሩዙ ሊጥ እርሾ ተጨምሮበት ኩፍ ካለ በኋላ በእንፋሎት ይበስላል፤ ሲቆረጥም ውስጡ በሙሉ ዓይን አውጥቶ ይታያል። የባለሙያዋ ብቃት የሚለካውም እንደ እንጀራ በዓይኑ ጥራት ነው፤ ጣዕሙ ግን ጣፋጭ ሆኖ ጥቂት ኮምጠጥ ይላል። በአበባ ንግድ በምትታወቀው በቼንጹን ደግሞ እ.ኤ.አ በ1927 ሁዋንግ ዳን የተባለ ነጋዴ የጀመረው ወረቀት መሰል ስስ የሩዝ ሊጥ ዛሬም ይሠራል። ሙያተኝነቱ ጎልቶ የሚታየው ግን በተሞላው የጭቃ ካርፕ ነው። ወጥ ሠሪው የዓሣውን ቆዳ ሳይቀድ ከነጭንቅላቱና ከነጅራቱ ይገፈዋል፤ ሥጋውን ከእሾሁ ለይቶ ይከትፋል፤ ከዚያም ከእንጉዳይና ከደረቅ ሽሪምፕ ጋር አዋሕዶ ወደ ቆዳው መልሶ በመሙላት ይጠብሰዋል። በማዕድ ላይ ሲቀርብ ያልተነካ ዓሣ ይመስላል።

የሹንደ ሰዎች እንግዳ ሲያከብሩ ጥሬ ዓሣ ያቀርባሉ። ሣር በል ካርፕ የተባለው ዓሣ ደሙ ፈጽሞ ከወጣ በኋላ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ስስ ሆኖ ይቆረጥና ከኦቾሎኒ ዘይት፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከተፈጨ ኦቾሎኒና ከኮምጣጣ አትክልት ጋር ይበላል። ጥሬ ሥጋ ለለመደ ሰው ግብዣው የሚፈታተን ቢሆንም ጥንቃቄ ማድረግ ያስፈልጋል። በጣፋጭ ውኃ የሚኖሩ ዓሦች የጉበት ትል ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉ። ጓንግዶንግ በቻይና በሽታው በስፋት ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። ትሉ በሐሞት ቱቦ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊኖር የሚችል ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ በ2009 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መካከል መድቦታል። ኮምጣጤ፣ ሰናፍጭም ሆነ ከምግቡ ጋር የሚጠጣው የሩዝ አረቄ ትሉን እንደማይገድሉት ሊታወቅ ይገባል፤ አስተማማኙ መከላከያ ዓሣውን በሚገባ ማብሰል ነው። ቀምሶ የተመለሰ ሰው ለሐኪም ቢናገር ምርመራው የሰገራ ምርመራ ሲሆን፣ መድኃኒቱም በአገራችን ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ነው። ጋባዥን ላለማስቀየም የበሰለውን መምረጥ በቂ ነው፤ ያው ዓሣ በእንፋሎት በስሎ በዝንጅብልና በአኩሪ አተር ሶስ ሲቀርብ ከጥሬው ያነሰ ክብር የለውም።

የአሳማ ሥጋ የማይበሉ ተጓዦችም አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ አለ። በሹንደ የአሳማ ስብ የሚገባው በሥጋ ምግቦች ብቻ አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው የወተት ጥብስ ውስጥ የተከተፈ የአሳማ ሥጋ መጨመሩ የተለመደ ነው፤ በተሞላው ዓሣም የአሳማ ቋሊማ ሊኖር ይችላል፤ ጎመንም በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል። ስለዚህ «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የማይበላውን ነገር ሁሉ በቻይንኛ ጽፎ መያዝ ይበጃል። ከሰሜን ምዕራብ ቻይና የመጡ ሙስሊሞች የሚያስተዳድሯቸው የኑድል ቤቶች በከተማው የሚገኙ ሲሆን የዐረብኛ ጽሑፍ ባለው ምልክታቸው ይለያሉ። ለጾመኛ የቡድሂስት ምግብ ቤቶች ይስማማሉ፤ ይሁንና አንዳንዶቹ እንቁላልና ወተት ስለሚጠቀሙ መጠየቅ ያሻል።

ከማዕድ ውጭ ዳሊያንግ የሚገኘው ቺንግሁዊ የአትክልት ሥፍራ ቀዳሚው መስህብ ነው። ቦታው እ.ኤ.አ በ1607 በንጉሠ ነገሥቱ የሹማምንት ፈተና ከመላ አገሪቱ አንደኛ የወጣው ሁዋንግ ሺጁን መኖሪያ የነበረ ሲሆን፣ ኋላ በሎንግ ቤተሰብ እጅ ገብቶ ኩሬዎቹና ባለ ቀለም መስታወት መስኮቶቹ እየተዋቡ መጥተዋል። በሺንግታን የሚገኘው ፌንግጂያን መንደር የድሮው የውኃ ላይ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር በቦዮቹና በድንጋይ ድልድዮቹ ያሳያል፤ በእረፍት ቀናት ግን ሕዝብ ይበዛበታል። ጁንአን የብሩስ ሊ የአባቶቹ አገር ናት። ተዋናዩ የተወለደው ሳን ፍራንሲስኮ፣ ያደገውም ሆንግ ኮንግ ቢሆንም ወረዳዋ ትልቅ ሐውልት አቁማለታለች።

ዛሬ ብዙዎቹ ኩሬዎች ተደፍነው የፋብሪካ መሬት ሆነዋል። በ1968 በቤይጂያኦ በ23 የመንደር ነዋሪዎች የጠርሙስ ክዳን ለመሥራት የተቋቋመው አነስተኛ የምርት ክፍል አድጎ የዓለም ታላቅ የቤት ዕቃ አምራች ሚዲአ ሆኗል። የማይክሮዌቭ ምድጃ አምራቹ ጋላንዝም የሹንደ ነው። ሙልበሪውም ቢሆን ቦታውን ለሸንኮራ አገዳ፣ ለአበባና ለሕንፃ ለቋል፤ የቀሩት ኩሬዎች ዓሣ የሚያረቡት በአብዛኛው በፋብሪካ መኖ ነው። በምግብ ጥበብ የተመዘገበች ወረዳ የምግቧን መነሻ መሬት ምን ያህል ማቆየት ትችላለች የሚለው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ጓንግዡ በቀጥታ ይበርራል። ከጓንግዡ ደቡብ ባቡር ጣቢያ እስከ ሹንደ በፈጣን ባቡር የሚደረገው ጉዞ አጭር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ ከግንቦት 2022 ጀምሮ የጓንግዡ ሜትሮ 7ኛ መስመርም በቼንጹን በኩል እስከ ቤይጂያኦ ይደርሳል። የመጨረሻው ጣቢያ የተሰየመው በሚዲአ ስም ነው። ክፍያ በአመዛኙ በእጅ ስልክ በመሆኑ አሊፔይ ወይም ዊቻት ላይ ዓለም አቀፍ ካርድ አስመዝግቦ መሄድና ጥቂት ዩዋን በጥሬው መያዝ ይገባል። ለጉብኝት የሚመረጠው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ደረቅ ወቅት ነው። በጧት ሻይ ቤት የሚገባ እንግዳ አስቀድሞ ሲኒውንና ሣህኑን በትኩስ ሻይ ሲያለቀልቁ ያያል። ሻይ ሲቀዳለትም ሁለት ጣቶቹን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ ቢያንኳኳ አመስግኗል ማለት ነው፤ የማንቆርቆሪያው ክዳን ተከፍቶ ከተተወ ደግሞ አስተናጋጁ ውኃ ሊጨምር ይመጣል።