የዕጣን ዛፍ የትውልድ መዝገብ

ከመተማ ተሻግሮ በሱዳን የገዳሪፍ ግዛት ውስጥ ባሱንዳ የሚባል አገር አለ። ኢትዮጵያንና ሱዳንን የሚለየውን ወሰን አፄ ምኒልክና እንግሊዝ የተዋዋሉት በ1894 ዓ.ም. ነው። የዕጣን ዛፍ ግን ይህን ውል አያውቅም፤ በመተማ ቆላ እንደሚበቅል ሁሉ በሱዳንም ይበቅላል። የሰዎች ውል በወረቀት ይቀመጣል፤ የዛፍ ትውልድስ በምን ይታወቃል?

ቀድሞ የዕፀዋት ተመራማሪዎች ዛፍን ከዛፍ የሚለዩት በቅጠሉ፣ በአበባውና በፍሬው መልክ ነበር። ይሁን እንጂ መልክ ብቻውን ያሳስታል፤ ጭንጫ መሬት ያቀጨጨው ዛፍና በዘሩ አጭር የሆነው ዛፍ ለዓይን አንድ ይመስላሉና። በ1945 ዓ.ም. ዋትሰንና ክሪክ የዲ ኤን ኤን ቅርጽ ገለጹ። በ1958 ዓ.ም. ሌዎንቲንና ሀቢ ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል እየለዩ፣ በአንድ የዝንብ ዝርያ ውስጥ ብዙ የተሰወረ ልዩነት መኖሩን አሳዩ። ዘዴው ወደ ዛፎችም ተዛመተ። በ1975 ዓ.ም. ካሪ ሙሊስ ጥቂት ዲ ኤን ኤን በብዙ ሚሊዮን እጥፍ የሚያባዛ ዘዴ አፈለቀ።

ከዚህ በኋላ አንዲት ቅጠል በቂ ሆነች። በዲ ኤን ኤ ውስጥ ጥቂት ፊደላት ተደጋግመው የሚገኙባቸው ስፍራዎች አሉ። ድግግሞሹ ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፤ ዛፉም አንዱን ቁጥር ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ይወርሳል። እንዲህ ያለውን ስፍራ የዘር ምልክት እንለዋለን። በ2007 ዓ.ም. የኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዕጣን ዛፍ 46 ምልክቶች አወጡ፤ የዛፉ ሙሉ የዘር ጽሑፍም 705 ሚሊዮን ያህል ፊደላት እንዳሉት ገመቱ።

ነገሩን በክፍል ውስጥ በቀላሉ ማስረዳት እንችላለን። እናቲቱ ዛፍ 8 እና 11፣ ችግኙ 11 እና 9 ቢኖራቸው፣ 9 ከየት መጣ? ተማሪው አባትየው 9 ያለበት ዛፍ መሆን እንዳለበት ራሱ ይደርስበታል።

ሆኖም አሳሳቢው ችግር ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት የዕጣን ደኖች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ውስጥ ትናንሽ ዛፎች እንዳልተገኙ ገለጸ። እሳትና የከብት ግጦሽ ቡቃያውን ያጠፉታል፤ ያለ ዕረፍት የሚቆሰል ዛፍም ጤናማ ዘር መስጠት ይሳነዋል። የዘር ምልክት ዘሩ ከየትኞቹ ደኖች ቢለቀም ልዩነቱ እንደሚጠበቅ ያመለክተናል፤ ችግኙን ግን ከከብትና ከእሳት የምንጠብቀው እኛው ነን። አዲስ ትውልድ ካልበቀለ፣ መዝገቡም በአሮጌዎቹ ዛፎች ላይ ያበቃል።