አልጋና እንጀራ፤ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ታሪክ ከአዲስ አበባ እስከ ጅግጅጋ

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ታሪክ ሲጻፍ ስለ ሕንፃዎች፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርትና ስለ ምሩቃን ብዛት ብዙ ይነገራል። ተማሪው ሌሊቱን ከማን ጋር እንዳሳለፈና እንጀራውን ማን እንደቆረሰለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይወሳ ይታለፋል። ሆኖም የኢትዮጵያ ተማሪ ከመማሪያ ክፍል ካገኘው የማይተናነስ ትምህርት ያገኘው ከመኝታ ቤቱ ነው። ይህም ታሪክ ከመነሻው ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ተጉዟል፤ ይኸውም ተማሪ ላበላውና ላሳደረው ወገን ምን ዓይነት ዕዳ አለበት የሚለው ነው።

ጥያቄው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት የነበረ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ የለመነውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር እየተካፈለ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ በቀለሳት ጎጆ ያድር ነበር። በወሎና በሐረርጌ ደረሳው በሼሁ ደጅ ተጠግቶ የአካባቢው ሕዝብ ባዋጣው እህል ይማር ነበር። በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድም «ሔር» የሚባሉት የሃይማኖት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ሲዘዋወሩ የሚያበላቸውና የሚያሳድራቸው ሕዝቡ ነበር። ሃይማኖቱና ቋንቋው ይለያይ እንጂ ልማዱ አንድ ነው። ተማሪን የሚያኖረው ሕዝብ ነበር፤ የተማሪውም ዕዳ ለሕዝብ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ ይህ ግንኙነት መልኩን ለወጠ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪዎችን ይቀበሉ ነበር። በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ይህንኑ ሥርዓት ተከተለ። ምግቡና መኝታው የመንግሥት ነበር። በዚያን ዘመን አስተሳሰብ ግን የመንግሥት ሀብት የዙፋኑ ቸርነት ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ገበሬው በግብሩ የሚያኖረው ተማሪ «የንጉሥ እንጀራ በል» ተባለ። እንጀራውን የበላ ሰው ደግሞ ምስጋና እንጂ ጥያቄ አይጠበቅበትም ነበር።

በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ሌላ መልክ ያለው የአዳሪነት ኑሮ ተጀመረ። ከኦክላሆማው የእርሻና የመካኒካል ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ በጅማ ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1949 ዓ.ም. ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ በጥር ወር 1950 ዓ.ም. በይፋ ተመረቀ። ዓለማያ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል የምትገኝ የገጠር ሥፍራ በመሆንዋ ተማሪው ከትምህርት በኋላ የሚበተንበት ከተማ አልነበረም። ከመኝታ ቤቱ ሲወጣ የሚገናኘው ከኦሮሞው ገበሬና ከማሽላው ማሳ ጋር ነበር።

መኝታ ቤቱ ያልታሰበለትን ሥራ የሠራው በሌሊት ነው። ከጎጃም የመጣው ከወለጋው፣ ከኤርትራ የመጣው ከሐረርጌው ልጅ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ተኛ። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያ በሰጠችው ተስፋ መሠረት ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች መጥተው ሲቀላቀሉ፣ ንጽጽሩ ከአገር ወሰን አለፈ። ከቅኝ ግዛት ቀንበር ለመውጣት የሚታገሉት እንግዶች በነፃነቱ ይኮራ ለነበረው ኢትዮጵያዊ ባልንጀራቸው ስለ መሬት፣ ስለ ፓርቲና ስለ ማኅበር ጥያቄ አቀረቡለት። በመጽሐፍ ያልተጻፈው ይህ ክርክር የመብራት መጥፊያ ሰዓት አይገድበውም ነበር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የኮሌጁ ተማሪዎች በድጋፍ ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ላይ ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አሰማ። ለውዳሴ የተለማመደው መድረክ የድሃውን ድምፅ ሰማ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ቻንስለሩም ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን የተነበቡት ግጥሞች ቁጣ ቀሰቀሱ፤ የአዳሪነቱም ሥርዓት ተቋረጠ። ስንኝ የተመለሰለት በአልጋ መንፈግ ነበር።

እርምጃው ግን የታሰበለትን ውጤት አላስገኘም። ከቅጥሩ የወጣው ተማሪ በየሰፈሩ ክፍል ተከራየ፤ በጭቃ ቤት፣ በጉልት ገበያና በቡና ቤት ከከተማው ድሃ ጋር ጎረቤት ሆነ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» የሚለው ድምፅ በአዲስ አበባ ጎዳና ተሰማ። በ1958 ዓ.ም. ተማሪው በሾላ የታጎሩትን ድሆች ሁኔታ በመቃወም «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብሎ ጠየቀ። በንጉሥ ስም የቀረበው እንጀራ ከማን ማሳ እንደመጣ ተማሪው አውቆ ነበር።

መልሱ ውድ ዋጋ አስከፈለ። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በጥይት ተመታ፤ በማግሥቱም አስከሬኑን ለመውሰድ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ ገብተው ተኮሱ። ከአብዮቱ በኋላም በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር መኝታ ቤቶቹ ባዶ ሆኑ። ወደ ስድሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በገጠር ተሰማሩ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ገበሬውን ሊያስተምሩ ሄደው ከገበሬው የተማሩ ናቸው። ተከትሎት በመጣው የደም ዘመን ወደ አልጋው ያልተመለሰው ወጣት ብዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመኝታ ቤቱ ታሪክ ካራማራን ተሻገረ። ጅግጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማልያ ጦር ተይዛ በየካቲት 26 ቀን የተመለሰች ከተማ ነች። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲከፈትባት፣ ከአንድ ትውልድ በፊት መድፍ ያገሳበት መተላለፊያ የተማሪ አውቶቡስ የሚያልፍበት ሆነ። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከሆሳዕና የተመደበው ልጅ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ባቢሌን አልፎ፣ ከሜዳው ይደርሳል። ተደራራቢ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ቢጫ የውሃ ጄሪካን፣ የምግብ አዳራሹ ሽሮና ምስር ይቀበሉታል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍል የሚደለደለው በፊደል ተራ ነውና አበበና አብዲ አንድ ክፍል ሊደርሳቸው ይችላል። «ነበድ» ማለት ሰላም ማለት መሆኑን አበበ ያወቀው ከአልጋ ጎረቤቱ እንጂ ከመምህሩ አይደለም።

ዕዳውም በሕግ ተጽፏል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ምሩቁ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ አሥራ አምስት በመቶውን እንዲከፍል ተደንግጓል። በገንዘብ የሚከፈለው ይህ ነው። ከክፍል ጓደኛው የተቀበለው ቋንቋና በበሽታ ሌሊት የተደረገለት አስታማሚነት ግን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም።

ይህን ያልተመዘገበ ዕዳ መካድ ምን እንደሚያስከትል የቅርቡ ዘመን አሳይቷል። በሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ ሰዎች ሲገደሉና አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ጎረቤት ጎረቤቱን ፈራ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ብጥብጡ ወደ ሌሎችም ግቢዎች በመዛመቱ ብዙ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በ1954 ዓ.ም. መኝታ ቤቱን የበተነው ሹም ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ግን ተማሪው ራሱ ከአልጋ ጎረቤቱ ሸሸ። ከሁለቱ የከፋው የኋለኛው ነው፤ ምክንያቱም ሹም የዘጋው በር በሌላ ሹም ይከፈታል፤ ጓደኛ የፈራው ጓደኛ ግን በትእዛዝ አይመለስም።

ስለዚህ በፊደል ተራ መደልደል ጅምር እንጂ ፍጻሜ አይደለም። አልጋዎችን ማቀራረብ የአስተዳደር ሥራ ሲሆን፣ በአልጋዎቹ ላይ የሚተኙትን ማቀራረብ የመምህሩ፣ የቴአትር ሠሪውና የገጣሚው ድርሻ ነው። የኮሌጅ ቀን መድረክ በአንድ ወቅት የድሃውን ድምፅ እንዳሰማ፣ የዛሬው የግቢ መድረክ አብዲ በአማርኛ፣ አበበ በሶማልኛ የሚናገሩበት ሊሆን ይገባዋል። ተማሪን ያኖረው ሕዝብ ነው። ሕዝቡም የሚጠብቀው ዕዳ ልጆቹ በአንድ ክፍል በሰላም አድረው በማለዳ ለአንድ አገር እንዲነሡ ነው።