ሌሎች ስም የሚያወጡላት ከተማ

ካታ የምትባል ከተማ መኖሯን የማያውቅ ሰው አይፈረድበትም። ሰሜን በርማ ውስጥ፣ ከኢራዋዲ ወንዝ በስተ ምዕራብ ዳር የተቀመጠች ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። (ካርታ ላይ አገሪቱን የምታገኟት ምያንማር ተብላ ነው። ስሙን በ1989 የቀየሩት ወታደሮቹ ናቸው። እኔ በርማ እያልኩ ልቀጥል፤ የማወራው ታሪክ አብዛኛው የሆነው በዚያ ስም ነው። ዓመቶቹም የፈረንጅ ናቸው።)

አገሩ ደህና በነበረ ጊዜ አንድ መንገደኛ ካታ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ከማንዳሌ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ባሞ የሚሄደው ጀልባ ነው። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ጀልባው አሸዋ ላይ ይቀመጣል፣ መንገደኛውም አብሮት ይቀመጣል። ሌላው ከማንዳሌ ወደ ሚችና የሚወስደው ባቡር ነው። ናባ የምትባል ጣቢያ ላይ ወርዶ ወደ ወንዙ የሚገነጠለውን አጭር ሐዲድ መያዝ ነው። ሲደርስ የሚያገኘውም ይኸው ነው፦ የወንዝ ዳር መንገድ፣ ገበያ፣ ፓጎዳ፣ በቆርቆሮ ወተት የሚቀርብ ወፍራም ሻይ የሚጠጣባቸው ሻይ ቤቶች። እንደኛ ሻይ ቤት ተቀምጦ አገር ማማት ለሚወድ ሰው የሚመች ቦታ ይመስላል።

ታዲያ ፈረንጆቹ ያን ሁሉ መንገድ ምን ፍለጋ ይሄዱ ነበር? አንድ የቴኒስ ሜዳ ለማየት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሪክ ብሌር የሚባል እንግሊዛዊ በ1922፣ በ19 ዓመቱ፣ የቅኝ ገዢው ፖሊስ መኮንን ሆኖ በርማ ገባ። ከከተማ ከተማ ሲያዘዋውሩት ቆይተው በ1926 መጨረሻ ካታ ላይ መደቡት። እዚያ የቆየው ወራት ብቻ ነው። ደንጌ ትኩሳት ጣለው፣ በሐምሌ 1927 ፈቃድ ወስዶ አገሩ ገባ፣ በዚያው ሥራውን ለቀቀ። ይህን ሰው እኛ የምናውቀው ጆርጅ ኦርዌል በሚለው የብዕር ስሙ ነው። «አኒማል ፋርም»ን እና «1984»ን የጻፈው ማለት ነው። በርማዎች በዚህ ላይ የታወቀ ቀልድ አላቸው፦ ኦርዌል ስለ በርማ የጻፈው አንድ ልብ ወለድ ሳይሆን ሦስት ነው ይላሉ።

የመጀመሪያው «በርሚዝ ዴይስ» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ቻውክታዳ በምትባል ከተማ ውስጥ ነው፤ ቻውክታዳ ግን ካታ ናት። ስሙን የወሰደው ያኔ ዋና ከተማ ከነበረችው ከራንጉን ሰፈሮች ከአንዱ ነው። የለንደን አሳታሚዎች «ሰዎቹ ራሳቸውን አውቀው ይከሱናል» ብለው ስለፈሩ መጽሐፉ ቀድሞ የወጣው በ1934 ኒውዮርክ ነው። በ1935 ለንደን ላይ ሲታተም ደግሞ ስሞች ተቀይረው ነበር። በልብ ወለዱ ከተማ ውስጥ ያሉት ነጮች ሰባት ናቸው። ሰባት ሰው! እነዚህ ሰባት ሰዎች አንድ ክለብ አላቸው፣ እዚያ ይጠጣሉ፣ ቴኒስ ይጫወታሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። የሚጨቃጨቁትም አንድ የአገሬው ሰው አባል ይሁን አይሁን በሚለው ነው። ያቺን አንዲት ወንበር ለማግኘት ዳኛው ኡ ፖ ቺን ሕንዳዊውን ሐኪም ጉድጓድ ሲቆፍርለት እናያለን። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ የሚያስደስት እንዳልሆነ ግን ልጠቁም።

እውነተኛው ክለብ ከእንግሊዞች በኋላ የኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሮ ሆነ። ሜዳው ላይም የካታ ሰዎች ቴኒስ ይጫወቱ ነበር። ኡ ፖ ቺን ያን ሁሉ ሴራ የጎነጎነበት በር በመዝገብ ሠራተኛ ተከፍቶ ሲያድር ማሰብ ያስቃል።

መጽሐፉ ቅኝ ግዛትን ያለ ርኅራኄ ያጋልጣል፤ ለዚህ ክብር ይገባዋል። ግን እያነበብኩ የከነከነኝ አንድ ነገር አለ። ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የጣውላ ነጋዴው ፍሎሪ፣ ማ ህላ ሜይ የምትባል በርማዊት ወጣትን ከወላጆቿ በ300 ሩፒ ገዝቷል። ነጭ ሙሽራ የምትሆነው ልጅ ብቅ ስትል ያባርራታል፤ ደራሲውም በመጨረሻ ማንዳሌ ሴተኛ አዳሪዎች ቤት አስገብቶ ይረሳታል። የፍሎሪን ብቸኝነት ገጽ በገጽ እንከታተላለን፤ የእሷን ቀን ግን አንድም ጊዜ ከእሷ ጋር አንውልም። ኦርዌል ክለቡን ቢጠላውም ካታን ያያት በክለቡ መስኮት ነው።

እንግሊዞቹ እዚያ እንዴት እንደደረሱም ማወቅ ይጠቅማል። በርማን የዋጧት በሦስት ጦርነት ነው፦ በ1824፣ በ1852 እና በ1885። ለመጨረሻው ሰበብ የሆነው አንድ የእንግሊዝ ጣውላ ኩባንያ የተጣለበት ቅጣት ነበር። ንጉሥ ቲባውን ወደ ሕንድ አጋዙትና እዚያው በ1916 ሞተ። ለካታ ቅርብ የሆነችው የዎንቶ ባላባት በ1891 ቢያምጽም ተሸነፈ፣ ግዛቱም ከካታ አውራጃ ጋር ተቀላቀለ። ፍሎሪ የጣውላ ነጋዴ የሆነው እንዲሁ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

እስካሁን «እኛን ምን አገባን» ያላችሁ ካላችሁ ናባ ተመልሰን ባቡሩን እንያዝ። የናባ ጎረቤት ኢንዶው ናት፣ ከእሷ ወደ ሰሜን ማውሉ። ይህን ሐዲድ ለመበጠስ ሁለት ጊዜ የዘመተውን ሰው ስሙን ሁላችንም እንጠራዋለን፤ አንዳንዶቻችን በየቀኑ። ከጳውሎስ ሆስፒታል አለፍ ብላችሁ የምትወርዱበት ዊንጌት ማለት እሱ ነው።

ኦርድ ዊንጌት ጃንሆይ በጥር 1941 ከሱዳን ድንበሩን ሲሻገሩ ጌዲዮን የተባለውን ጦር እየመራ አብሯቸው ጎጃም የዘለቀው እንግሊዛዊ መኮንን ነው። ከሱዳን ወታደሮች፣ ከስደት ከተመለሱ ኢትዮጵያውያንና ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ ከእሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የጣሊያን ጦር አስጨነቀ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡም አብሮ ገብቷል። በስሙ የተሰየመው ትምህርት ቤት በ1946 ተከፈተ፣ የሰፈሩም ስም ከዚያ መጣ። ታሪኩን እዚያ ላይ አቁመነዋል።

እሱ ግን አልቆመም። ጎጃም ላይ የሞከረውን፣ ከጠላት ጀርባ ገብቶ መንገድና ሐዲድ መቁረጥን፣ ጃፓኖች በ1942 በያዟት በርማ ደገመው። በየካቲት 1943 ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ይዞ ቺንድዊን ወንዝን ተሻገረ። ጦሩን ቺንዲት አሉት፤ በርማዎች የቤተ መቅደስ በር ላይ ከሚያቆሙት ቺንቴ ከተባለው የአንበሳ ሐውልት የተወሰደ ነው። (ሰውየውን አንበሳ ይከተለው ነበር።) ሐዲዱን በዎንቶና በኢንዶው መካከል አፈነዱት። ከሄዱት 800 ያህሉ አልተመለሱም፤ ከተመለሱትም ብዙዎቹ ዳግም ለውጊያ አልበቁም።

በመጋቢት 1944 ሞተር በሌላቸው አውሮፕላኖች ጫካ ውስጥ እያረፉ እንደገና ገቡ። ለማረፊያዎቹ ያወጡት ስም ብሮድዌይ እና ፒካዲሊ የሚል ነበር። ማውሉ አጠገብ ሐዲዱን ዘግተው የተቀመጡበትን ምሽግ ደግሞ ዋይት ሲቲ አሉት፤ ዛፎቹን የሸፈኑት ነጫጭ ጃንጥላዎች ናቸው ስሙን ያወጡት። እዚያ ምሽግ ውስጥ የናይጄሪያ ወታደሮችም ተዋግተዋል። ዊንጌት መጋቢት 24 ቀን 1944 አውሮፕላኑ ሕንድ ውስጥ ማኒፑር ተራራ ላይ ተከስክሶ ሞተ። አስከሬኑን ከአሜሪካውያኑ አብራሪዎች መለየት ስላልተቻለ በ1950 ሁሉም በአንድ መቃብር አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ተቀበሩ። እዚያ አካባቢ የሚኖሩ የእኛ ሰዎች ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፈው ይሆን!

እኔን የሚያሳስበኝ ግን በእነዚህ የጦርነት መጻሕፍት ውስጥ በአንድ መስመር የሚታለፈው መንደርተኛ ነው። በ1943ቱ ዘመቻ መራመድ ያቃተውን ቁስለኛ መንደር አጠገብ ትቶ መሄድ የተለመደ ነበር። እስቲ አስቡት፤ የሩዝ ገበሬ ናችሁ፣ ደጃችሁ ላይ የቆሰለ እንግሊዛዊ ተጥሏል፣ ጃፓኖቹ የሚቀጥለው መንደር ናቸው። ብታስጠልሉት ቤታችሁ ይቃጠላል፣ ብትጠቁሙ ነገ እንግሊዞቹ ይመለሳሉ። ደግሞም ተመለሱ፤ በ1944 መጨረሻ ካታም ኢንዶውም እንደገና በእንግሊዝ ጦር እጅ ነበሩ። በርማ ነፃ የወጣችው በጥር 1948 ነው፣ በ1962 ደግሞ የራሷ ጄኔራሎች ወሰዷት።

በየካቲት 2021 ወታደሮቹ መንግሥት ሲገለብጡ ሥራ በማቆም አድማ ከቀደሙት መካከል የባቡር ሠራተኞች ነበሩ። ዊንጌት በፈንጂ ያቋረጠውን ባቡር እነሱ ቤታቸው በመቀመጥ አቆሙት። ካታ ያለችበት የሳጋይንግ ክልል ከዚያ ወዲህ ውጊያ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኗል። በዚያው ሐዲድ ላይ ከዎንቶ በታች ያለችው ካውሊን በኅዳር 2023 በአማፅያን ተያዘች፣ በየካቲት 2024 ወታደሮቹ መልሰው ያዟት፣ ብዙው የከተማዋ ክፍል ተቃጠለ። የቴኒስ ሜዳ ሊያይ የሚመጣ ፈረንጅ አሁን የለም። ከሳጋይንግ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ የዚያ መስመር መንገደኞች እነሱ ናቸው።